ስለ መኪና ነዳጅ አፈጃጀትና ስለ ተሳፋሪው ችኰላ

በየዞኑና በየወረዳው ሕዝብን ለማስተዳደር የተሾማችሁ፣ እርሻም ያላችሁ ክቡራን ሆይ፤ ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ሳይሆን ስለ መኪና ስለ ሆነ፣ በእርሻ መጽሔት ውስጥ ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይታጣም። ያመጣው ናፍጣ ነው። የሹሙን መኪና የሚያስኬደው፣ የገበሬውን ትራክተር የሚያስጐትተው፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ለሽንኩርቱና ለቲማቲሙ ውሃ የሚስበውን ሞተር የሚያሠራው ነዳጅ ምንጩ አንድ ነው። አገራችን የምታቃጥለውን ናፍጣና ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፤ አብዛኛውም በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በቦቴ ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ ይመጣል። በዘር ወቅት ገበሬው ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ከማደያ ደጃፍ ሲሰለፍ ያየ ሰው፣ በመንገድ ላይ በከንቱ የሚቃጠለው ሊትር ከማን አፍ የተነጠቀ እንደ ሆነ ይገባዋል።

የመሥሪያ ቤት መኪና ነዳጅ በጐደለ ጊዜ የሚወቀሰው ዘወትር ነጂው ነው። ሸጠው ይባላል፣ አባከነው ይባላል። ከነጂዎች መካከል እንዲህ ያለ ሰው የለም አልልም። ነገር ግን የመኪና ወጪ መዝገብ በመጻፍ ብዙ ዓመት የቈየሁ ጸሐፊ እንደ መሆኔ፣ የሚበዛው ብክነት የሚመነጨው መሪውን ከጨበጠው ሰው ሳይሆን ከጐኑ ወይም ከኋላው ከተቀመጠው እንደ ሆነ አምኛለሁ። መኪናው በስንት ሰዓት እንዲነሣ የሚያዘው፣ ምን እንዲጫንበት የሚፈቅደው፣ በምን ያህል ፍጥነት እንዲሄድ የሚያጣድፈው ተሳፋሪው ነውና።

በአንድ ወቅት በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ለሚደረግ ስብሰባ አንድ አለቃዬን ተከትዬ ሄድሁ። ስብሰባው ከጧቱ በ3 ሰዓት እንዲጀመር ተቀጥሮ ነበር። ከአዲስ አበባ ላንጋኖ 200 ኪሎሜትር ያህል ስለሚሆን ከሌሊቱ በ11 ሰዓት መነሣት ይገባን ነበር፤ የተነሣነው ግን 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከሞጆ ታጥፈን ወደ ባቱ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ እንደ ወጣን፣ አለቃዬ ሰዓታቸውን አየት አድርገው «ንካው እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው!» አሉ። ነጂውም «እሺ ጌታዬ» ብሎ ነካው፤ ቀስቱም 120 ላይ ቆመ። እኔ ከነጂው ጋራ አስቀድሜ ተመካክሬ፣ በሞጆ በርሜሉን እስከ አፉ አስሞልቼ፣ በባቱም እንደዚሁ አስሞልቼ የገባውን ልክ ጻፍሁ። በመልስ ጊዜ የሚያጣድፍ ነገር ስላልነበረ በ85 መጣን፤ በሞጆም ደግሞ አስሞላሁ። መንገዱ ወደ ሞጆ ጥቂት ሽቅብ ሳለ፣ በመልሱ የፈጀነው ከመሄጃው ከሁለት ሊትር በላይ አንሶ ተገኘ። ይህ የሆነው 90 ኪሎሜትር ገደማ በሚሆን ርቀት ነው። በመቸኰላችን ያተረፍነው ጊዜ ቢታሰብ 18 ወይም 19 ደቂቃ ነው። ስብሰባው ግን ሰው እስኪሞላ ይጠበቅ ተብሎ እኛ ከደረስን ከ40 ደቂቃ በኋላ ተጀመረ።

የዚህ ምክንያቱ ነፋስ ነው። መኪና በሄደ ቍጥር አየሩን በግንባሩ እየገፋ ነው የሚሄደው፤ አየሩም መልሶ ይገፋዋል። የመኪናው ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ የአየሩ መግፋት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ወደ 110 ከፍ ቢል፣ ፍጥነቱ በሲሶ ያህል ብቻ ሲጨምር የአየሩ መከልከል ወደ እጥፍ ይጠጋል። በከተማ ውስጥ በ30 እና በ40 ሲኬድ ይህ ነገር አይታወቅም፤ ከ80 ካለፈ በኋላ ግን ከነዳጁ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እርሱ ነው። ብዙዎቹ መኪናዎች ነዳጅ የሚቈጥቡት በ50 እና በ80 ወይም በ90 መካከል፣ በከፍተኛው ማርሽ ሳይዋዥቁ ሲሄዱ ነው። ለሹም የሚታደለው ረጅምና እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን የሆነው መኪና ደግሞ ከዝቅተኛው አውቶሞቢል ይልቅ ነፋስ ይከለክለዋል። ወደ አዳማ የተጓዘ ሰው በኰረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች አይቶአል፤ እነርሱ የተተከሉት በዚያ ነፋስ ስለሚበረታ ነው። ያ ነፋስ በሰዓት 30 ኪሎሜትር እየነፈሰ በግንባር የመጣበት ነጂ በ90 ቢነዳ እንኳ፣ አየሩ የሚገፋው በ120 እንደሚነዳ ሰው ነው።

አባቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ ይህን ያህል ትምህርት አላስፈለጋቸውም። በቅሎዋ ስትደክም ላቧ ይወርዳል፣ ትንፋሽዋ ይሰማል፣ ጌታውም አይቶ ይወርድላታል። የመኪና ድካም ግን በበርሜሉ ውስጥ ተሰውሮ ያለ ስለ ሆነ የተቀመጠበት ሰው አያዝንለትም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ዐፄ ምኒልክ ካዩት ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ የመኪናን ላብ ማየት አልተማርንም።

ሌሎች መንግሥታት ይህን ያዩት በችግር ጊዜ ነው። በ1966 ዓ.ም. የዓለም ነዳጅ ዋጋ ባሻቀበ ጊዜ፣ ብዙ ነዳጅ ከራሷ ምድር የምታወጣው አሜሪካ እንኳ በመላው አገሯ ማንም መኪና በሰዓት ከ88 ኪሎሜትር አካባቢ እንዳያልፍ ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በእኛ አገር የቤንዚን ዋጋ ቢጨመር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የተከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። የነዳጅ ነገር ከማደያ ደጃፍ አልፎ የት እንደሚደርስ ለሹም ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ መንገዱ ልመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ የላንጋኖ ውሃ 1,585 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ መኪናው ሲሄድ ይወርዳል፣ ሲመለስ ይወጣል። ሰባት መቶ ስድሳ ሜትር የሚሆነውን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ የነፋሱና የጐማው ሳይቈጠር፣ ለእያንዳንዱ ቶን ክብደት ሦስት ሩብ ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ይጠይቃል። መኪናውና ጭነቱ ተደምሮ 10 ቶን የሚመዝን የሽንኩርት መኪና ከባቱ አዲስ አበባ ለመድረስ ለሽቅቡ ብቻ ከ6 ሊትር በላይ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ግድ ነው፤ ሽንኩርቱ ገበያ መድረስ አለበትና። ነገር ግን በሹሙ መኪና ላይ ያለ ሥራ ከወር እስከ ወር የሚዞረው ትርፍ ጎማ፣ ባዶ በርሜል፣ ሰንሰለትና ልዩ ልዩ ዕቃም ያንኑ ሽቅብ ተሸክመነው ነው የምንወጣው።

በቍልቍለቱ ላይ ደግሞ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ነጂዎች ከዱከም ወደ ቢሾፍቱ፣ ከዚያም ወደ ሞጆ ሲወርዱ ማርሹን አውጥተው መኪናውን ይለቁታል፤ ነዳጅ ቈጠብን ብለውም ይደሰታሉ። በድሮው ካርቡራተር ባለው ሞተር ይህ አሳብ ጥቂት እውነት ነበረው። በዛሬው ሞተር ግን ነገሩ ተገላብጦአል፤ መኪናው በማርሽ ሳለ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቢያነሣ፣ ሞተሩ በመንኰራኵሩ ኀይል ስለሚዞር ነዳጁ ራሱ ይቋረጣል። ማርሹ በወጣ ጊዜ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ስለዚህ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሰው ነዳጅ አይቈጥብም፣ ያፈስሳል እንጂ፤ በላዩም ፍሬኑ ብቻውን ሸክሙን ተሸክሞ ይግላል፣ የጋለ ፍሬንም አይዝም። ሞተሩን ጨርሶ አጥፍቶ የሚወርደውን ሰው በሚመለከት የምናገረው የለኝም፤ መሪው ሲከብደውና ፍሬኑ ሲደነድንበት ራሱ ያየዋል።

ከባቱ ወዲያ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ በኩል በሚያልፈው በአሮጌው መንገድ ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው። በዚያ የከብት መንጋ ያቋርጣል፣ የአህያ ጋሪ ይገባል፣ ባጃጅ ድንገት ይታጠፋል። እዚህ ነዳጅ የሚያባክነው ነፋስ ሳይሆን መንደርደርና ማቆም ነው። ነዳጅ አቃጥለን ያገኘነውን ፍጥነት በፍሬን ስንገድለው ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል፤ እንደገናም ልንገዛው ይገባናል። ሩቅ የሚያይ ነጂ መንጋውን ከ300 ሜትር አይቶ እግሩን ያነሣል፤ ሲደርስ መንጋው አልፎአል፤ ሳይቆም ያልፋል። ቸኳዩ ግን እስከ መንጋው ጭራ ድረስ ነድቶ ፍሬን ይረግጣል፣ ጥሩምባ ያሰማል፣ እረኛውንም ይሰድባል። በአሜሪካ የተደረገው ምርመራ እንደሚያስረዳው፣ እንዲህ ያለው የመወራጨት አነዳድ በአውራ ጐዳና ላይ ከመቶ ከ15 እስከ 30 የሚደርስ ነዳጅ ያስጨምራል፤ በቆም ሄድ መንገድ ላይም እስከ 40 ይደርሳል።

የቀሩትን ነገሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ጐማ ነፋሱ ሲጐድል መንገዱን እየላሰ ስለሚሄድ ነዳጅ ይበላል፤ ሩቡ ያህል የጐደለ እንደ ሆነ ከመቶ ሁለት ገደማ ነው፤ ከነዳጁ ይልቅ ጐማው ራሱ የሚያልቀው ያስፈራል። ነፋሱ የሚለካው ጧት ሳይኬድበት ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ጐማው ግሎ ሳለ «ነፋሱ በዝቶአል» ብሎ የሚያስተነፍስ ጎሚስታ ያጐድልባችኋል። በጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ ዕቃ ተጭኖበት በፍጥነት መንገድ ሲኬድ ከመቶ እስከ 25 ሊያስጨምር ይችላል፤ ሲመለሱ ከላንጋኖ ዓሣ፣ ከባቱ ሽንኩርት በጣሪያ ላይ ማሰር የለመዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዕቃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። በሙቀት አየር ማቀዝቀዣ መጠቀም አይከለከልም፤ በከፍተኛ ፍጥነት መስኮት ከፍቶ መሄድም ነፋስ ስለሚያስገባ ትርፉ ያን ያህል አይደለም።

ይልቁንስ በላንጋኖ ያየሁት ሌላ ነገር አለ። ስብሰባ በሚደረግበት ቦታ በግራሮቹ ጥላ ሥር መኪናዎች ተደርድረው፣ ነጂዎች በውስጣቸው ተኝተው፣ ሞተር እየሠራ ማቀዝቀዣውም ይነፍሳል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር እንደ ትልቅነቱ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጠጣል። ዐሥር መኪና ሦስት ሰዓት እንዲህ ቢቆም፣ አንዱን በአንድ ሊትር ተኩል ብናስበው 45 ሊትር ይሆናል። አነስተኛ የውሃ መሳቢያ ሞተር በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ይህ የአንድ ገበሬ ማሳ ለ45 ሰዓት ውሃ የሚጠጣበት ነው፤ በትራክተር ቢታሰብ ሁለት ሄክታር ያሳርሳል። በውስጥ ያለው ስብሰባ ስለ መስኖ ልማት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል፤ አንዳንድ ሰውም እንግዲህ የቍጠባ ነገር ቀርቶአል ይላል። አልቀረም። ነፋሱ በናፍጣ የሚሄደውንና በባትሪ የሚሄደውን ለይቶ አያውቅም፤ በ120 የሚነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ሳይታሰብ ያልቅበታል፣ በመንገዱ ላይ ደግሞ መሙያ እንደ ማደያ በየከተማው አይገኝም። ጥቅሙ ቍልቍለት ሲወርድ ኀይሉን በከፊል ወደ ባትሪው መመለሱ ነው። ትራክተሩና የውሃ ሞተሩ ግን በአብዛኛው ገና ከናፍጣና ከቤንዚን አልተላቀቁም።

«የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። እህል ያፈሰሰ ሰው ቢያንስ ይለቅማል፤ የተቃጠለ ናፍጣ ግን አይለቀምም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ለየመኪናው አንድ ደብተር እንዲያዝ አሳቤን አቀርባለሁ። ደብተር አለን የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔም ያሉትን አይቻቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ የሚናገሩት ስንት ሊትር እንደ ተቀዳ ብቻ ነው። በርሜሉ በተሞላ ቍጥር የኪሎሜትሩ ልክ ይጻፍ፣ የገባውም ሊትር ይጻፍ፤ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል የመኪናው ጠባይ ይታወቃል፤ በወሩ መጨረሻም ከባለፈው ወር ጋራ ይተያያል። በሦስተኛው ዓምድ ደግሞ መኪናው የተነሣበት ሰዓትና ቀጠሮው የነበረበት ሰዓት ይጻፍ። በአራተኛው ዓምድ ላይ የነጂው ስም ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ሰው ስም ይግባበት፤ ፊርማውንም ራሱ ያኑርበት።