ስለ ጋሪሳ እርስ በርሳችን እንነጋገር



መጋቢት 24 ቀን 2007 ንጋት ላይ የአልሸባብ ታጣቂዎች ኬንያ በሚገኘው የጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ላይ ጥቃት አደረሱ። ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ እየለዩ 148 ሰው ገደሉ። አብዛኞቹ እንደኛው ዶርም ውስጥ ያደሩ ተማሪዎች ነበሩ።

«ይህ እስልምናን አይወክልም» ብሎ ማለፍ ለምደናል። አዎ፣ አይወክልም። ነፍስን ያለ ሐቅ ማጥፋት ሐራም መሆኑን ገና መድረሳ ሳለን ቀርተነዋል። ግን ይህን የምንናገረው ለማን ነው? ለክርስቲያን ጓደኞቻችን፣ ያውም ሲጠይቁን። ለብቻችን ስንቀመጥ ወሬውን እንሸሸዋለን።

«ያልተማሩ ሰዎች ሥራ ነው» የሚለውም አያዋጣንም። የኬንያ መንግሥት እንዳስታወቀው ከገዳዮቹ አንዱ ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ ወጣት ነበር። አባቱ ልጄ ጠፋብኝ ብለው ቀድመው አመልክተው ነበር። የእኛም አባቶች ግቢ የላኩን ተማረልን ብለው ነው።

ዳፋው ድንበር ተሻግሯል። ኬንያ 13 የሐዋላ ድርጅቶችን አገደች፤ የዳዳብ የስደተኞች መጠለያ በሦስት ወር እንዲዘጋም ለተባበሩት መንግሥታት ቀን ቆረጠች። ዘመድ በሚልክለት ገንዘብ የሚኖረው የሶማሊያ ቤተሰብ፣ ከዚሁ ቡድን ሸሽቶ የተሰደደው ሳይቀር፣ ባልሠራው ተቀጣ። እሱም ሙስሊም ነው።

ጀመዓችን ከሳምንታዊ ደርሶቹ ጥቂቱን ለዚህ ጉዳይ ይስጥልን። ኡስታዞቻችን የቡድኑን ማሳሳቻ ነጥብ በነጥብ ያፍርሱልን። የሚጠይቅ ተማሪም «ጽንፈኛ» ወይም «ሰላይ» ሳይባል ይጠይቅ፤ እዚህ ካፈረ ስልኩ ላይ የማያውቀውን ሰው መጠየቁ አይቀርም።