የሚያሳክክ ቆዳና የስቴሮይድ ቅባት

በጅማ የዝናቡ ወራት ረዥም ነው። በበቾ ቦሬም ሆነ በሌላው ቀበሌ የታጠበ ልብስ በወጉ ሳይደርቅ የሚለበስበት፣ እግርም በላስቲክ ጫማ ውስጥ እንደ ራሰ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። አዝመራው ሲደርስ ደግሞ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት የሚመጣውን ቡና የሚለቅመውና በጆንያ የሚሸከመው ሠራተኛ አቧራውን በእጁና በአንገቱ ይቀበላል። የጥሬ ቡና አቧራ በአንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ እንደሚያስነሣ የታወቀ ነው። እንግዲህ ቆዳ ቢያሳክክ አያስደንቅም። እኛን የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው።

ሰውየው ወደ መድኃኒት መደብር ጎራ ብሎ፣ «የሚያሳክክ ነገር ይዞኛልና ቅባት ስጠኝ» ይላል። ሻጩም ቆዳውን ሳያይ ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ወይም ሎሽን ያቀብለዋል። በሁለት ቀን ማሳከኩ ጋብ ስለሚል ሰውየው መድኃኒቱን አመስግኖ ለጎረቤቱ ያውሳል።

ስቴሮይድ ግን የበሽታውን ሥር የሚነቅል መድኃኒት አይደለም። ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ከምታመነጨው ንጥረ ነገር ጋር የሚመሳሰል ሲሆን ሥራው መቆጣትን ማብረድ ነው። ያን ንጥረ ነገር ያጠኑት ሦስት ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሃይድሮኮርቲዞን ተቀብቶ የቆዳን መቆጣት እንደሚያበርድ ተገለጠ። ችፌና አለርጂ ሲሆን ዋናው ነገር ራሱ መቆጣቱ ነውና ቅባቱ እጅግ ይጠቅማል። ጭርት ወይም እከክ ሲሆን ግን ላዩን አብርዶ ፈንገሱ ወይም ተባዩ በጸጥታ እንዲራባ ይተወዋል። ጭርቱ ክብ መልኩን ያጣና እየሰፋ ሄዶ ሐኪሙን ጭምር ያሳስታል፤ እከኩም ለቤተሰቡ ሁሉ ይዳረሳል። ፈንገስ እርጥበት ስለሚወድ፣ ሳያዩ መስጠቱ እንደ ጅማ ባለ ስፍራ የበለጠ ያሠጋል።

ሌላው አሳሳች ነገር በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ፣ ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ተብሎ ሲጻፍ ያየ ሰው የመጀመሪያው የበረታ ይመስለዋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ከለስላሶቹ ወገን ሲሆን ክሎቤታሶል ከሁሉ የበረታ ነው፤ ቤታሜታሶን 0.1 በመቶም ከኃይለኞቹ ይቆጠራል። ክሎቤታሶልን ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከሁለት ሳምንት በላይ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም በላይ መቀባት አይገባም። ለፊት፣ ለብብትና ለብሽሽት ለስላሳው ይበቃል፤ ዓይን ውስጥ እንዳይገባም መጠንቀቅ ነው። ከሕፃን ሽንት ጨርቅ ሥር ሲቀባ ወይም በላስቲክ ሲሸፈን መድኃኒቱ አብዝቶ ወደ ሰውነት ይሠርጋል።

ልኩ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በስሱ ነው። ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚዘረጋ ቅባት ሁለት መዳፍ የሚያህል ስፍራ ያዳርሳል። ሎሽኑ ለራስ ቅልና ጠጉር ለበዛበት ቆዳ ይመቻል፤ አልኮል ያለበት ከሆነ ግን የተሰነጠቀ ቆዳን ያቃጥላልና ከእሳትም ይራቅ። ፈርቶ ጨርሶ አለመቀባትም ጥፋት ነው። ሐኪም አዝዞለት ሳለ በወሬ ደንግጦ የተወ ችፈኛ ሌሊቱን ሲያክክ ያድርና ቁስል ያተርፋል።

ከሁሉ የከፋው ፊት ለማቅላት ሲባል ለወራት መቀባቱ ነው። ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወጣል። ለማቆም ሲሞከርም ፊቱ ቀልቶ ስለሚቃጠል ሴትዮዋ ተመልሳ ወደ ቅባቱ ትሄዳለች። ኃይለኞቹ ቅባቶች በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ ናቸው፤ የመድኃኒትን አስተዳደር የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1112ም በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል። ሆኖም ሱቁ ቅርብ፣ የሐኪም ተራ ረዥም ሆኖ ሳለ ሕዝቡን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይመስለንም። ባለመደብሩ ቢያንስ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የት ላይ ነው? ስንት ጊዜ ሆነው? በቤትህ ሌላ ሰው ሌሊት ያሳክከዋል? የመጨረሻው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ እከክን ያጋልጣል።

ምልክቱ ነጣ ያለና ሲነኩት የማይሰማ ከሆነ ግን ምንም ሳይቀቡ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መሄድ ይገባል፤ የሥጋ ደዌ አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነውና።