ዋናውን የሚበላ ንግድ

በአገራችን ክረምቱ ገብቶ ወንዞች በሚሞሉበት ወራት በሰሜን አውሮፓ በጋ ይሆናል። በዚሁ ጊዜ ሳልመን የተባለው ዓሣ ከባሕር ወጥቶ ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ይመለሳል። አጥማጁም ከሩቅ አገር ሳይቀር ዘንጉን ይዞ ወደዚያ ይጓዛል። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ፣ ጀልባ አከራዩ፣ መንገድ መሪውና ባለሱቁ የዓመት ቀለባቸውን የሚያገኙት በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው። ስለዚህ የሰሜን ወንዞች ወሬ የመዝናኛ ወሬ ብቻ ሳይሆን የንግድም ወሬ ስለሆነ፣ ነጋዴ ወገኖቻችን ጥቂት ጊዜ ሰጥተው እንዲያስቡበት እንለምናለን።

በኖርዌይና በፊንላንድ ድንበር ላይ የሚፈስ አንድ ታላቅ ወንዝ አለ። ፊንላንዳውያን ቴኖ ሲሉት ኖርዌጃውያን ታና ይሉታል፤ ስሙም የእኛን ጣና ያስታውሳል። በአውሮፓ ካሉት የሳልመን ወንዞች ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። በ1928 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ ነው) በዘንግ የተያዘ 36 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሳልመን የወጣው ከዚሁ ወንዝ ነበር። ሳሚ የተባሉት የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎችም ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረስ በመጣ ጥበብ በመረብና በአጥር እያጠመዱ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውበታል።

ይህ ወንዝ በ2021 ለሳልመን አጥማጅ ሁሉ ተዘጋ። በ2022፣ በ2023 እና በ2024ም አልተከፈተም። ሁለቱ መንግሥታት ማጥመድን የሚቀንስ አዲስ ስምምነት ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ አውለው ነበር። ነገር ግን የሚመለሰው ዓሣ እያነሰ ስለ ሄደ መቀነሱ አልበቃም፤ ጨርሶ መከልከል ግድ ሆነ። ቀጥሎም በሰኔ 2024 የኖርዌይ መንግሥት በደቡቡና በመካከለኛው የአገሩ ክፍል የሚገኙ 33 ወንዞችን የማጥመጃው ወራት ከተጀመረ በኋላ በድንገት ዘጋ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኋላ ቢከፈቱም፣ ለወራቱ ተዘጋጅቶ ዕቃውን የገዛና እንግዳውን የተቀበለ ነጋዴ ምን ያህል እንደ ተጎዳ ማንም ሊገምተው ይችላል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በባሕር ውስጥ የሚኖረው ሳልመን ምግቡ በመጉደሉና የባሕሩ ጠባይ በመለወጡ ብዙው ሳይመለስ ይቀራል። በባሕር ዳር በመረብ ጎጆ ከሚረባው ሳልመን የሚወጣው የባሕር ቅማል የዱሩን ግልገል ይገድላል፤ ከጎጆው ያመለጠውም ከዱሩ ጋር እየተዳቀለ ዘሩን ያደክማል። በታና ወንዝ ግን ከእነዚህ ሁሉ ጋር አንድ ሌላ ምክንያት ነበረ፤ እርሱም ወንዙ ሊተካው ከሚችለው በላይ ለብዙ ዓመታት መጠመዱ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ አዋቂ የሆነ ሁሉ ሊመለከተው የሚገባ ነገር አለ። ሳልመን ከእንቁላሉ ወጥቶ ጥቂት ዓመታት በወንዝ፣ ከዚያም ከአንድ እስከ ጥቂት ዓመታት በባሕር ከቆየ በኋላ ነው የሚመለሰው። እንግዲህ ዘንድሮ የሚያዘው ዓሣ ከብዙ ዓመት በፊት የተጣለ እንቁላል ነው። ዛሬ ከልክ በላይ ቢጠመድ ጉዳቱ ዛሬ በመዝገብ ላይ አይታይም፤ ገበያው ሞልቶ፣ ትርፉም መልካም ሆኖ ይታያል። ዕዳው የሚቀርበው ከዓመታት በኋላ ነው። ከዋናው ገንዘብ እያነሳ ትርፍ አገኘሁ የሚል ነጋዴ ለጊዜው ባለጸጋ እንደሚመስል ሁሉ፣ የታና ዳር ነጋዴም የወንዙን ዋና ሲበላ ወለድ የሚበላ መስሎት ነበር።

አስቀድመው ያሰቡ አልጠፉም። በአይስላንድ የወንዝ ዳር ባለርስቶች በማኅበር ሆነው ወንዙን ያከራያሉ፤ በአንድ ቀን በወንዙ ላይ የሚውለውም ዘንግ በቁጥር የተወሰነ ነው። ዘንጉ ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ገበሬውም ከወንዙ ኪራይ ያገኛል። በአሜሪካ በሞንታና ደግሞ የትራውት ወንዞች ውሃ በበጋው ሙቀት ለሦስት ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከደረሰ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ይከለከላል። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነውና በሞቀ ውሃ ተይዞ ቢለቀቅ እንኳ ሊሞት ይችላል። መንገድ መሪው እንግዳውን ማልዶ ይወስደዋል እንጂ ሥራውን አይዘጋም። ግማሽ ቀን ሰጥቶ ወንዙን ሙሉ ማትረፍ ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳነው የሰው አገር ችግር ለመተረክ አይደለም። በእኛው ጣና ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን እንደ ሳልመን ሁሉ ለመራባት ከሐይቁ ወደ ወንዝ የሚወጣ ነው። በክረምቱ ወራት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ሲጓዝ በየወንዙ አፍ ይከማቻል፤ መረብም የሚጠብቀው እዚያው ነው። በብርብራ ፍሬ ውሃውን እየመረዙ የሚያጠምዱም አሉ። በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ ማጥመድ በሐይቁ ላይ ከተጀመረ ከ1986 ወዲህ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ ብቻ የዚህ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ሊቃውንት መርምረው ጽፈዋል።

«አጥማጁ ድሃ ነው፤ በክረምት ምን ይብላ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ነገር ግን የታና ዳር ድሃ ዛሬ የጥቂት ወራት ሳይሆን የዓመታት ገቢ እንዳጣ እናስተውል። ሳሚዎቹም ያጡት ገቢ ብቻ አይደለም፤ ልጆቻቸው መረቡን ሳያዩ በማደጋቸው የአባቶቻቸውን ጥበብ ጭምር ለማጣት ተቃርበዋል። በጥቂቱ መታገሥ ያልወደደ በብዙው ይገደዳል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ2003 ከወጣ ቆይቷል። ሆኖም በሐይቅ ላይ ከሚጠብቅ ዘበኛ ይልቅ በገበያ ላይ የሚገዛ ነጋዴ ይበረታል፤ ገዥ ያጣ መረብ ወደ ወንዝ አፍ አይጣልምና። ስለዚህ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ያላችሁ የዓሣ ነጋዴዎችና ባለሆቴሎች፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዝ አፍ የተጠመደ ነጭ ዓሣ ላለመግዛት በመካከላችሁ እንድትስማሙ እንጠይቃለን። በእነዚያ ወራት ከሐይቁ መካከል የሚያጠምደውን ሰው ዓሣ፣ ቀረሶም ሆነ አምባዛ፣ በተሻለ ዋጋ ግዙት፤ የክረምት እንጀራው ከዚያ እንዲሆን አድርጉ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ዓሣው ካለቀ በኋላ የሚታወጅ ክልከላ ለነጋዴም ለአጥማጅም አይጠቅምም። የሰሜኑ ታና ትምህርቱን በውድ ዋጋ ገዝቶታል፤ የእኛው ጣና ግን ያለ ዋጋ ሊማረው ይችላል።