ለቅሶን ከመድረክ ያባረርነው እኛ ነን



ከጥቂት ወራት በፊት እዚሁ ጋምቤላ ከተማ አንድ ወንድማችን በወጣቶች ኅብረት ፊት ቆሞ እንዲናዘዝ ተደረገ። ጥፋቱ ስልኩ ውስጥ የተገኘ አልበም ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ተሰማ፤ «ይህ የሰይጣን ድምፅ ነው» ተባለ፤ ከስልኩ ጠፋ፤ ተጸልዮለት ተሸኘ። ለምን እንደሚያዳምጠው የጠየቀው ግን አልነበረም። እኛም እዚያው ተቀምጠን ነበር፤ እኛም አልጠየቅንም።

አልበሙ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የሠራው ባንድ በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ከተማ የተመሠረተው «አይ ሄይት ጎድ» ሲሆን፣ ስሙ «እግዚአብሔርን እጠላለሁ» ማለት ነው። ለዚህ ስም ጥብቅና አንቆምም፤ ስድብ ነው። ሙዚቃው «ስላጅ ሜታል» ይባላል፤ ስላጅ ማለት ዝቃጭ ነው። የጊታሩ ክር ላልቶ ድምፁ ወደ ታች ወርዷል። ምቱ በክረምት ጭቃ ውስጥ እግሩን እየጎተተ እንደሚሄድ ሰው ነው። ድምፃዊው አይዘፍንም፤ ይጮኻል። የአልበሙ ርእስ ደግሞ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፦ ሕመም ሲኖር እንዳስፈለገ ይወሰድ።

ሕመሙ የመድረክ ጨዋታ አልነበረም። ድምፃዊው ማይክ ዊልያምስ በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካወደመ በኋላ በአደንዛዥ ዕፅ ተከስሶ ለወራት ታሰረ። ከበሮ መቺው ጆይ ላኬዝ በ2013 ሞተ። በ2016 የዊልያምስ ጉበት ከሥራ ውጭ ሆኖ ንቅለ ተከላ ሲያስፈልገው፣ አድናቂዎቹ ለሕክምናው ገንዘብ አዋጡለት። እኛ በዚያች ምሽት ለወንድማችን ምን አዋጣን?

አንዳንዶች ገላትያ 5፥21ን ያነሡብናል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት» ተቆጥሯል። በግሪኩ ያለው ቃል «ኮሞይ» ነው፤ የሚያመለክተውም በስካር የታጀበ የመረን ፈንጠዝያን ነው። ይህን ስንል ዘፈን ሁሉ ይጠቅማል ማለታችን አይደለም፤ እግዚአብሔርን መስደብ ኃጢአት ነው። ጳውሎስ ግን የገሠጸው የሰካራሞችን ድግስ ነው፤ የሚያለቅስን ሰው አልገሠጸም። የጊታር ክብደትም ምስክር አይሆንም። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኤርታሌ» አልበሙ የሮክ ጊታርን ከአገራችን ዜማ ጋር አዋህዷል፤ ያው ጊታር ዛሬ በአምልኮ መድረኮቻችንም ይሰማል።

ወገኖች ሆይ፣ የምንኖረው የት ነው? በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የአኙዋክ ወገኖቻችን ደም ፈሰሰ። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በኑዌር መንደሮች ከ200 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትንም አፍነው ወሰዱ። በኩሌ፣ በጀዊና በሌሎች መጠለያዎች ደግሞ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተቀብለናል።

እሑድ ግን የምንዘምረው ስለ ድል፣ ስለ በረከትና ስለ ከፍታ ብቻ ነው። ቅዳሜ ልጁን የቀበረ አባት እሑድ ጠዋት «እጅህን አንሣ፣ እልል በል» ይባላል። ካለቀሰ እምነቱ የደከመ ይመስለናል። በለቅሶ ቤት ምንጣፍ ላይ አብረነው እናድራለን፤ በጌታ ቤት ግን ለእንባው ቦታ የለንም።

ይህን ልማድ ከመጽሐፍ ቅዱስ አላገኘነውም። መዝሙር 88 በጩኸት ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ መጨረሻው ላይ የድል ቃል የለም። ያም ሆኖ ለመዘምራን ተሰጠ፤ በጉባኤም ተዜመ። ኤርምያስ በምዕራፍ 20 የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ ከነቢያት ግን አልተሰረዘም። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አለቀሰ፤ በመስቀል ላይም በታላቅ ድምፅ ጮኸ።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድር ነው? የዚያ አልበም ጩኸት የሚሰማው አባት የለውም፤ ስለዚህ ሕመሙን በሌላ ሕመም ያደነዝዛል። የመዝሙረኛው ጩኸት ግን፣ የመረረ ቢሆንም፣ የሚጮኸው ወደ እግዚአብሔር ነው። ለወጣቶቻችን ልናስተምራቸው የሚገባን ይህንን ነበር። እኛ ግን አፋቸውን ዘጋን፤ ከዚያም ሌላ ቦታ ሲጮኹ ስናገኛቸው ከሰስናቸው።

ከሳምንታት በኋላ ያንን ወንድም ቤቱ ሄደን ጠየቅነው። «ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ እንደ እኔ የሚጮኽ ሰው የሰማሁት እዚያ ብቻ ነው» አለን። መልስ አልነበረንም። እስከ ዛሬ ወደ ጉባኤ አልተመለሰም።

የአምልኮ መሪዎቻችን ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ መዝሙር 88ን ከመድረክ አንብቡ። ቶሎ ብላችሁ ወደ ሃሌሉያ አትሻገሩ፤ ያዘነው ሰው ጥቂት ያልቅስ። አንተም በጆሮ ማዳመጫህ የተደበቅህ ወንድማችን፣ ያ ሙዚቃ ሕመምህን ያውቀዋል፤ ሊፈውስህ ግን አይችልም። በመስቀል ላይ የጮኸው ጌታ ያውቅሃል፤ ይፈውስህማል። ወደ እርሱ ጩኽ። ድምፅህ ቢከብድም አትፈር።

ጌታ ሆይ፣ ያዘኑትን ከቤትህ ስላባረርን ይቅር በለን። አሜን።