ስለ ድልብ ቁልቁለትና ስለ ዓመታዊው ምርመራ

ለልደት በዓል ወደ ደብረ ሮሐ (ላሊበላ) የሚጓዘው ምእመን፣ ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ፣ ሕይወቱን ለአንድ አሮጌ ሚኒባስ ፍሬን አደራ ሰጥቶ ነውና፣ የተሽከርካሪ ምርመራ ነገር ለላስታ ሕዝብ የሹፌርና የባለንብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየጊዜው እንዲመረመር ደንግጓል፤ ላለፈውም ቦሎ ይለጠፍለታል። ነገር ግን በሜዳ ላይ ባዶውን የተፈተነ መኪና፣ ከጋሸና ወደ ወልድያ ተጭኖ ሲወርድ፣ የፍሬኑ ሸራ ከግለት ብዛት ኃይሉን እንዴት እንደሚያጣ አያሳይም። ይልቁንም መቀመጫ የተጨመረበት ሚኒባስና ባሌስትራ የተደረበለት አይሱዙ፣ ፋብሪካው ለተወሰነ ክብደት የሠራውን ፍሬን እንደ ያዙ ሸክማቸው ብቻ የበዛ ስለ ሆነ፣ እጅግ ያሠጋሉ።

መኪናን በዕድሜው ብቻ መኮነን ግን ፍትሕ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጥሏልና፣ አዲሱም ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነውና፣ ባለንብረቱ ያለችውን እየጠገነ ቤተ ሰቡን ቢያስተዳድር ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ቅርጹ የተለወጠ መኪና ሁሉ ሸክሙን እንደ ያዘ ይመዘን፣ በቁልቁለትም ይፈተን፤ ያረጀው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱም ከታኅሣሥ 29 አስቀድሞ፣ ጎማው ወልቆ የፍሬኑ ሸራ በዓይን ይታይ፤ መርማሪውም በስሙ ፈርሞ ኃላፊነቱን ይቀበል።