ስንቅ ተሸካሚው አዳሪ

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመሩት፣ አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ከዋናው የቱሉ አውሊያ ግቢ ሌላ በወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ላይም ካምፓስ አለው። ፎቁን፣ ብሎኩን፣ ካፌውን ላየ ሰው ቦረና ውስጥ አድሮ መማር ገና አሁን የመጣ ይመስለዋል። የመጣው ግን ኮንክሪቱ ነው።

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሚጠሩበት ጋስጫ እዚሁ ቦረና ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው ሲማሩ እህል ይፈጩ እንደነበር ይተረካል፤ ትምህርቱም ወፍጮውም አንድ ግቢ ውስጥ። የቆሎ ተማሪን ጎጆ ያየ ደግሞ አይረሳትም። እንጨቱን ራሱ ቆርጦ፣ ሣሩን ራሱ አጭዶ፣ የየኔታ ድምፅ ከሚደርስበት ሳይርቅ ይቀልሳታል። ጎንበስ ብለው ይገቡባታል፤ ሁለቱ ጋደም ካሉ ሦስተኛው ተቀምጦ ነው የሚያድረው። አኮፋዳው ከምሰሶው ይንጠለጠላል፣ ደበሎው ቀን ልብስ ሌሊት አልጋ ነው። በሙስሊሙም ወገን ደረሳው ከሸኹ ደጅ ኸልዋ ገብቶ ይቀራ ነበር፤ ወሎ ውስጥ እንደ ጀማ ንጉሥና ዳና ያሉትን የቅራት ደጆች የማያውቅ የለም። የሁለቱንም ቀለብ የሚችለው የአካባቢው ሰው ነበር። ኑሮው ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ረሃቡም ቅማሉም ነበረበት። ቢሆንም ልጅ ርቆ ሲማር ማደሪያው የትምህርቱ አካል መሆኑን ያ ሥርዓት ያውቅ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርትም ሲጀመር ይህን አልዘነጋውም። ተፈሪ መኮንን በ1917፣ እቴጌ መነን በ1924፣ ጄኔራል ዊንጌት ደግሞ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሲከፈቱ አዳሪ ይቀበሉ ነበር። ሁሉም አዲስ አበባ ላይ መሆናቸው ግን ለቦረና ገበሬ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? ኋላም ዘመን ተለወጠ፤ ዊንጌት ቴክኒክና ሙያ ሆነ፣ መነን «የካቲት 12» ተባለ። በየወረዳው የተስፋፋው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያና ባንዲራ መስቀያ እንጂ ማደሪያ አልነበረውም። 

ስለዚህ የዘመናችን ቆሎ ተማሪ ቤት ተከራይ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ አጅባር፣ ወደ አቀስታ የሚመጣ የ9ኛ ክፍል ልጅ እሑድ ከሰዓት እንጀራውን፣ ሽሮውንና ቆሎውን ተሸክሞ ይገባል። ከሰው ጓሮ ባለች ጭቃ ቤት ሦስት አራት ሆነው አንድ ፍራሽ ይጋራሉ። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ይደርቃል፤ ዓርብ በቆሎና በውኃ ታልፋለች። የአከራይዋ መብራት ከጠፋ ጥናትም የለ። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ይህን ልጅ የእኔ አዳሪ ነው የሚለው መሥሪያ ቤት አለመኖሩ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር ብዙ የገጠር ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ዶርም አደሩ። ተደራራቢ አልጋ፣ ካፌ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ኮሪደር፤ ለፈተናው ቀናት ብቻ። በዚያ ፈተና በአገር ደረጃ ያለፈው 3.3 በመቶ ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከሌላው የተሻለ ውጤት ማምጣታቸው ብዙ ተወራ። መርጠው ስለሚቀበሉ ነው የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ግን ተመርጦ የገባውም ልጅ ቢሆን ጥናት ላይ የሚቀመጠው እራቱን በልቶ ነው።

እኔ ማደሪያ ይሠራ ስል ፎቅ ይሠራ ማለቴ አይደለም። የደጋው ብርድ ከመስታወትና ከብሎኬት ጋር አይስማማም፤ ድንጋይ ደግሞ ሞልቷል፣ ጠራቢም አናጣም። ከሁለተኛ ደረጃው አጥር ሥር ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት፣ ወላጅ እህል የሚያስገባበት ጎተራ፣ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ፣ አንድ ጥበቃ፣ ማታ የሚበራ የጥናት ክፍል ይበቃል። ወጪውን ወረዳና ወላጅ ተጋግዘው ይችሉታል ባይ ነኝ።

ከተሠራ ደግሞ መጀመሪያ የሴቶቹ ይሁን። ወንዱ ጓሮም አድሮ ይገፋዋል። እሷን ግን ብዙ አባት ከ8ኛ ክፍል በኋላ የሚያስቀራት ትምህርት ጠልቶ ሳይሆን፣ ማታ የምታድርበትን ቤት በር ማን እንደሚዘጋው ስለማያውቅ ነው።