አበባው ምን ይላል?

 

በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ታማሚ የሚጠይቅ ወይም አራስ የሚያይ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ቡናና ስኳር ይይዛል፣ አንዳንዱም ጫት ይቋጥራል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ በሠርግና በምረቃ ቀን አበባ መስጠት እየተለመደ መጥቷል። አበባውን ተከትሎም «ቀይ ፍቅር ነው፣ ነጭ ንጽሕና ነው፣ ቢጫ ቅናት ነው» የሚል ዝርዝር ገብቷል።

ለመሆኑ ይህ ዝርዝር ከየት መጣ? በኢስታንቡል የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት የነበረችው ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ እ.ኤ.አ. በ1718 በጻፈችው ደብዳቤ፣ በቱርክ ሰዎች ጽጌረዳና ቅርንፉድ፣ ሳሙናና ከሰል ሳይቀር በመላላክ የልባቸውን እንደሚነጋገሩ ገለጸች። ዕቃው ትርጉም የሚያገኘው ከስሙ ጋር ቤት ከሚመታው ስንኝ እንጂ ከቀለሙ አልነበረም። ደብዳቤዎቿ በ1763 ታተሙ። ኋላም አውሮፓውያን ነገሩን ለአበባ ብቻ አድርገው መጻሕፍት አወጡበት፤ በ1819 ፓሪስ ላይ የወጣው የሻርሎት ደ ላቱር መጽሐፍ ከታወቁት አንዱ ነው። ዝርዝሮቹ ግን እርስ በርስ አይስማሙም፤ አንዱ ቢጫ ጽጌረዳን ቅናት ሲለው ሌላው ወዳጅነት ይለዋል። እንግዲህ ትርጉሙ የሰው ልማድ እንጂ አበባው ላይ የተጻፈ አይደለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ስለ ቀለም ሳይሆን ስለ አቀባበል አስተማሩን። የበሶብላ ወገን የሆነው መዓዛማው ሪሃን የቀረበለት ሰው እንዳይመልሰው አዘዙ፤ ለመሸከም ቀላል፣ ሽታውም መልካም ነውና። ሐዲሱን ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሙስሊም ዘግበውታል።

ይህን ሐዲስ በመድረሳ ሳስተምር ኖሬያለሁ። አንድ ዓመት ትምህርት በተዘጋበት ቀን ልጆቹ እስክርቢቶና የፕላስቲክ አበባ ሲሰጡኝ፣ አንዲት ልጅ ከጓሯቸው የቀጠፈችውን ሪሃን በደብተር ወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ። ተቀበልኩና በጥድፊያ «ይኼንስ ለእናትሽ ውሰጂላት» ብዬ መልሼ እጇ ላይ አኖርኩት። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ማታ ለዒሻ ሶላት እጄን ሳነሣ ሽታው አልለቀቀኝም ነበር። ሐዲሱ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ስጦታዬን ጠየቅሁ። እናቷ እየሳቁ «ኡስታዝ፣ ወጥ ውስጥ ገባ እኮ!» አሉኝ። ልጅቱ ግን አንድም ቃል ሳትናገር ጓሮ ዞራ ሌላ ቀጥፋ መጣች።

ወንድሞችና እህቶች! ቁርኣን የሚቀራ ሙናፊቅ በሐዲስ የተመሰለው በሪሃን ነው፤ ሽታው ያማረ፣ ጣዕሙ የመረረ። አበባ ይዞ ገብቶ ቤተሰቡን በክፉ ቃል የሚያሳዝን አባወራም ከዚህ ምሳሌ ይማር። ስጦታ ሲሰጠን ቀለሙንና ዋጋውን ከመመርመራችን በፊት የሰጪውን ዐይን እንይ። ልጅ ያመጣውን ቅጠል አንመልስ።